የአባት የወርቅ ሰዓት በምን ይመዘናል?



በቅርቡ ከግሼ፣ ከራቤል ከተማ የመጣ አንድ ወንድም በመሐረብ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። አባቱ በሕይወት ዘመናቸው ነጋዴ የነበሩ ሲሆን፣ ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ ሰዓቱን እጃቸው ላይ አላደረጉትም፤ በሣጥን አስቀምጠውት ወደ አኺራ ሄዱ። ወራሾቹ እናትየው፣ ይህ ወንድምና አንዲት እህቱ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ያገኘው ገዢ ሰዓቱን በመዳፉ መዝኖ «አሮጌ ነው፤ የወርቁን ዋጋ ልስጥህ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ወር በኋላ» ብሎታል። ወንድማችን «ልሽጠው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሦስት ነው። ወርቁ እውነተኛ ነውን? ዋጋው ስንት ነው? ሽያጩስ በሸሪዓ ይፈቀዳልን?

ወርቅ ለወንድ እንደማይፈቀድ የታወቀ ነው። ዐሊ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐርና ወርቅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሁለቱም ለኡመታቸው ወንዶች ሐራም መሆናቸውን ተናግረዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ሌላ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሰው ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት አይተው አውልቀው እንደጣሉትና ከእሳት ፍም ጋር እንዳመሳሰሉት ሙስሊም ከኢብን ዐባስ ዘግበዋል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰዎች ለባለቀለበቱ አንስቶ እንዲጠቀምበት ነገሩት፤ እሱ ግን የአላህ መልእክተኛ የጣሉትን አላነሳም አለ። ዑለማዎች ከዚህ የተረዱት የተከለከለው ማድረጉ እንጂ ንብረትነቱ አለመሆኑን ነው። እናም የሟቹ ሰዓት ሐላል ውርስ ነው። ሟቹ በወጣትነታቸው አድርገውት ነበር ወይ ብለን አንመረምርም፤ የእኛ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በአገራችን እጅ ላይ ከሚገኙት አሮጌ «የወርቅ» ሰዓቶች ብዙዎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው። በጀርባው ክዳን ላይ «ፕላኬ» የሚል ወይም በማይክሮን የተጻፈ ቁጥር ካለ ቅብ ነው፤ አሜሪካ ሠራሽ ከሆነና «ጎልድ ፊልድ» ካለም እንዲሁ። ጽሑፉ ቢጠፋ እንኳ ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን ጫፎች በብርሃን ተመልከቱ፤ ቅቡ ተልጦ ከሥሩ መዳብ ወይም ነጭ ብረት ብቅ ይላል። እውነተኛ የስዊስ 18 ካራት ከሆነ 0.750 የሚል ቁጥርና እስከ 1995 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያገለገለው የሴት ራስ ምስል ያለበት ትንሽ ማኅተም ይኖረዋል፤ 14 ካራት ከሆነ 0.585 እና የሽኮኮ ምስል። ከ1995 ወዲህ የተሠሩት የውሻ ራስ ነው ያላቸው። «አባቴ በንጉሡ ዘመን የገዙት» በተባለ ሰዓት ላይ የውሻ ራስ ካያችሁ ወይ ታሪኩ ወይ ሰዓቱ ሐሰት ነው!

ማኅተሙም ቢሆን የሚመሰክረው ለቤቱ ብቻ ነው። ለውስጡ ማሽን አይመሰክርም። ስለዚህ ታማኝ ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ከፍቶ የቤቱንና የማሽኑን ቁጥር ጽፎ ይስጣችሁ። አንዳንድ የስዊስ ፋብሪካዎች ቁጥሮቹን ከጥንት መዝገባቸው ጋር አመሳክረው ሰዓቱ መቼ እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣሉ። ፊቱን አዲስ ቀለም ማስቀባትና ቤቱን ማስወልወል ግን ዋጋውን ይጥለዋል፤ አሮጌ ሰዓት የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። የአባቱን ሰዓት «ለማሳመር» ሲል ግማሽ ዋጋውን አሲድና ብሩሽ ያስበላ ሰው አውቃለሁ።

ሊቃውንቱ ራሳቸው ይታለላሉ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጄኔቫ ውስጥ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የተሸጠ አንድ የኦሜጋ ሰዓት፣ ከልዩ ልዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ በ2023 ይፋ ሆኗል።

ስለ ዋጋ ደግሞ ከራሳችን አገር ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድን ከጎበኙበት ጊዜ ጋር የተያያዘው ፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓታቸው በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ቀርቦ፣ ከንጉሡ ቤተሰብ ወገን የባለቤትነት ጥያቄ በመነሳቱ ከጨረታው ወጣ። በ2017 እንደገና ቀርቦ ወደ ሦስት ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጧል። በአንድ የእጅ ሰዓት ላይ ያለው ወርቅ ስንት ቢሆን ነው? የቀረው ዋጋ የሥራው ጥበብ፣ የብርቅነቱና የባለቤቱ ስም ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። ባለቤትነቱ ያልጠራ ዕቃ የቱንም ያህል ቢከብር ገበያ ላይ ይቆማል፤ ደግሞም ሰዓትን በወርቅ ሚዛን ብቻ መግዛት ባለቤቱ ካላወቀ የወራሾችን ሐቅ መብላት ሊሆን ይችላል። የመርካቶው ገዢ ጀርባውን እንኳ ሳይከፍት «የወርቁን ዋጋ» ያለው ባለማወቅ ይሁን በማወቅ አላህ ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ የሚያውቅ ነጋዴ ግን ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

ወርቅን ከሌላ ነገር ጋር የተገጠመበትን ዕቃ መሸጥ ራሱን የቻለ የፊቅህ ርዕስ ነው። ፈዳላ ኢብን ዑበይድ (ረ.ዐ.) በኸይበር ቀን ወርቅና ጨሌ ያለበት ሐብል በ12 ዲናር ገዙ፤ ሲለዩት ወርቁ ብቻ ከ12 ዲናር በልጦ ተገኘ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው ሳይለይ እንዳይሸጥ አዘዙ። የሻፊዒ ሊቃውንት ይህንን በቀጥታ ወስደውታል። ሐነፊዎቹ ደግሞ የሚከፈለው ወርቅ በዕቃው ላይ ካለው ወርቅ መብለጡ ከታወቀ ትርፉ ለሌላው ክፍል ይቆጠራል ብለው ይፈቅዳሉ። ይህ ሁሉ ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ ነው። በብር ሲሸጥ ሚዛኑ እኩል መሆን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን የእስላማዊው የፊቅህ አካዳሚ በ1986 (እ.ኤ.አ.) አማን ላይ የወረቀት ገንዘብን ከወርቅና ከብር ሕግ ጋር ስላገናኘው፣ ርክክቡ እዚያው በተቀመጡበት መፈጸም አለበት። «ግማሹን ከሁለት ወር በኋላ» የሚለው ውል እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ብዙ ደጋግ ሰዎች ወለድ ባንክ ቤት ብቻ ያለ እየመሰላቸው በወርቅ ዱቤ ውስጥ ይገባሉ።

ከዚያ ወንድም ጋር ሆነን ሰዓቱን ለአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድነው። ቤቱ እውነተኛ 18 ካራት ነው፤ ማኅተሙም ቁጥሩም አለ። ማሽኑ ግን ከዓመታት በፊት ተለውጦ የሌላ፣ ርካሽ ሰዓት ማሽን ገብቶበታል። ወንድማችን ፊቱ ጠቆረ፤ በፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ ብዙ ተስፋ አድርጎ ነበር። ማሽኑ ወጥቶ ቤቱ ሲመዘን 20 ግራም ሆነ፤ ይህም 15 ግራም ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው። ብቻውን 85 ግራም ስለማይሞላ ዘካ የለበትም፤ የሚወርሰው ሰው ሌላ ወርቅ ወይም ገንዘብ ካለው ግን ተደምሮ ይታሰባል።

ክፍፍሉም ቀላል ነው። ለእናትየው አንድ ስምንተኛ፣ ቀሪው ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ። ከ24 ድርሻ እናት 3፣ ወንድም 14፣ እህት 7 ይደርሳቸዋል። (ንጹሕ ወርቅም 24 ካራት መሆኑን ሳስበው ፈገግ አልኩ።) ወንድማችን የአባቱን ማስታወሻ ላለመሸጥ ወስኗል። እንግዲያውስ የእናቱንና የእህቱን 10 ድርሻ ሊገዛቸው ነው፤ መግዛት ከሆነ ደግሞ ያው የወርቅ ሽያጭ ነውና ገንዘቡን በአንድ መቀመጫ፣ እጅ በእጅ መስጠት አለበት። «ቤተሰብ ነን፣ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ» ሲለኝ ያነበብኩለት የፈዳላን ሐዲስ ነው።

ሰዓቱ አሁን ራቤል፣ በእናትየው ሣጥን ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል። ወንድምየው ገንዘቡን እያጠራቀመ ነው።