ቁስሉ ለምን አላመማቸውም? ስለ ውስጥ ቁርጭምጭሚት እንማር



አንድ የስማዳ ገበሬ ውስጥ እግራቸው ቆስሎ መጡ። "መቼ ጀመረዎት አባቴ?" ስላቸው፣ "እኔ ምን አውቄ ዶክተር፤ ደሙን አይታ የነገረችኝ ልጄ ናት" አሉኝ። ከነእሾሁ ሲሄዱ ሰንብተዋል፤ ግን አላመማቸውም። ቁስል ካላመመ ቀላል ነው እንዳትሉ!

እስቲ ጣታችሁን በውስጥ በኩል ባለው የቁርጭምጭሚት አጥንትና በተረከዝ መሃል አስቀምጡ። የሚመታ ነገር አለ አይደል? ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። በዚህች ጠባብ መተላለፊያ ከፊት ወደ ኋላ በተርታ የሚያልፉት፦

1. የእግርን ቅስት የሚደግፍ ጅማት
2. አራቱን ትናንሽ ጣቶች የሚያጥፍ ጅማት
3. ደም ቅዳና ደም መልስ ቧንቧዎች
4. ቲቢያል ነርቭ
5. አውራ ጣትን የሚያጥፍ ጅማት

የሦስቱም ጅማቶች ጡንቻ ያለው ባታችን ውስጥ ነው።

ዛሬ ዋናው ጉዳያችን ነርቩ ነው። የውስጥ እግራችን ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው በእሱ ነው። ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል፣ ላብ ስለሚቀር ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ጣቶች ይቆለመማሉ። የስኳር በሽታም እግር ያደነዝዛል። የሥጋ ደዌ ግን ይህንን ነርቭ እዚሁ ቁርጭምጭሚት ጋ ያጠቃዋል። የእኚህን አባት ስዳብሰው ወፍሯል፤ ጀርባቸው ላይም ነጣ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ቆዳ ነበር።

የሥጋ ደዌ እርግማንም የዘር በሽታም አይደለም። በባክቴሪያ ይመጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ነርቩ ከተጎዳ 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ስሜቱ በተጨማሪ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። የእሳቸው መደንዘዝ ግን 2 ዓመት አልፎታል። ባክቴሪያውን እናጠፋዋለን፤ ለስሜቱ ግን ዘግይተናል።

ስለዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወገኖቼ፦

👉 ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ ሰው ውስጥ እግራችሁን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካ። የማይሰማችሁ ቦታ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

👉 እግራችሁ ከደነዘዘ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ።

👉 በብርድ ጊዜ የደነዘዘ እግር ወደ እሳት አታስጠጉ፤ ሲቃጠል አይነግራችሁም።

👉 ማታ ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ ውስጡን እዩ።

በተለይ ለአባቶችና ለእናቶች አንብቡላቸው፣ ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!