ለግቢ ሣር ስለሚገዛ መድኃኒትና ማዳበሪያ ሒሳብ

ገበሬ ለእርሻው ማዳበሪያ ወይም አረም የሚያጠፋ መድኃኒት ሲገዛ፤ ያወጣውን ገንዘብ ከሚያገባው እህል ጋራ ያመዛዝናል። የግቢ ሣር ግን ለገበያ የሚወጣ ፍሬ የለውም፤ ትርፉ ለዓይን ማማር ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከገበሬው ይልቅ ወጪውን አጥብቆ ሊቈጥር ይገባዋል። ይህንም ለመረዳት የአሜሪካን አገር ልማድ መመልከት ይበቃል።

በዚያ አገር በየቤቱ ደጃፍ ሣር ማሳደግ እጅግ የተለመደ ነው። ቀድሞ ከሣሩ ዘር ጋራ ክሎቨር የሚባል ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ይደባለቅ ነበር። ክሎቨር እንደ ባቄላና እንደ አተር፤ በሥሩ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ረዳትነት ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ከአየር ይወስዳል፤ ለሣሩም ያለ ዋጋ ማዳበሪያ ይሆነው ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓመተ ምሕረት ግን ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት ለሽያጭ ወጣ። ይህ መድኃኒት ሣሩን ሳይጎዳ ቅጠለ ሰፊውን አረም ያጠፋል፤ ነገር ግን ክሎቨርም ቅጠለ ሰፊ ነውና ከአረሙ ጋራ ጠፋ። ሣሩ ምግብ ባነሰው ጊዜ ባለቤቱ ማዳበሪያ በከረጢት ይገዛ ጀመር፤ ማዳበሪያው ሣሩን ፈጥኖ ሲያሳድገው ደግሞ የአጨዳው ድካም በዛ። እንዲህ አንዱ ወጪ ሌላውን ወጪ ወለደ።

ሌላም በባለቤቱ መዝገብ የማይጻፍ ወጪ አለ። ያለ ልክ የተበተነውን ማዳበሪያ ዝናም ጠርጎ ወደ ሐይቅ ያወርደዋል፤ በውስጡ ያለው ፎስፎረስም አልጌ የሚባለውን የውሃ አረንጓዴ ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ያጣል። ጉዳቱም ማዳበሪያውን ላልገዛው ሰው ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ የሚኒሶታ ግዛት ከ2005 ጀምሮ፤ አፈሩ ተመርምሮ ጉድለት ካልታየ ወይም አዲስ ሣር ካልተተከለ በቀር፤ ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ በግቢ ሣር ላይ እንዳይበተን በሕግ ከለከለ። በካናዳም የኦንታሪዮ ክፍል በ2009 ለማማር ብቻ የሚረጨውን መድኃኒት ከለከለ።

እንግዲህ የግቢ ባለቤትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ።

፩ኛ፤ አፈሩን አስመርምሮ የጎደለውን ብቻ ይግዛ።

፪ኛ፤ የታጨደውን ሣር በዚያው ይተወው፤ ብስባሹ ሣሩ ከሚፈልገው ናይትሮጅን እስከ አራተኛው እጅ ድረስ ሊመልስ ይችላልና።

፫ኛ፤ አረሙ ጥቂት ሲሆን በእጅ ያስነቅል።

ርካሽ መስሎ የተገዛ ነገር፤ የሚያስከትለው ወጪ አብሮ ካልተቈጠረ፤ እውነተኛ ዋጋው አይታወቅም።