የኮስትኮ ካርድ ለተማሪ ያዋጣል ወይ?

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አዲስ ተማሪዎች ከሚጠይቁን ነገር አንዱ «የኮስትኮ ካርድ ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በወሬ ነው። አንዱ «ሁሉም ነገር ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ አውጣ» ይላል፤ ሌላዋ «ገብተሽ 200 ዶላር ሳታጠፊ አትወጪም፣ አትድረሽበት» ትላለች። እኔ የማጠናው አካውንቲንግ ስለሆነ ወሬውን ትቼ በቁጥር ልየው አልኩ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነውና ምሳሌዎቼም የዚሁ አካባቢ ናቸው። ሳምስ ክለብ ወይም ቢጄስ የሚቀርባችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ቀይራችሁ በዚያው መንገድ ማስላት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ክፍያው። ኮስትኮ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተራውን ካርድ ከ60 ወደ 65 ዶላር፣ ኤክስኪዩቲቭ የሚባለውን ደግሞ ከ120 ወደ 130 ዶላር አሳድጓል። ሳምስ ክለብ በ2022 ተራውን ከ45 ወደ 50 ከፍ አድርጎ ነበር። 65 ዶላር ለአንዳንዱ ምንም ላይመስል ይችላል። በኤፍ-1 ቪዛ ለመጣ፣ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ካምፓስ ውስጥ መሥራት ለማይፈቀድለት ተማሪ ግን በሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 15 ዶላር፣ ሲሰላ ታክስ ሳይቆረጥ እንኳ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቆሞ መሥራት ነው። ከዚያው ደመወዝ ላይ ወደ አገር ቤት የሚልክም አለ። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

አንድ ሱቅ ገና ሳይሸጥልን ለምን ያስከፍለናል? የዚህ ዓይነት መደብር የተጀመረው በ1976 ሳንዲያጎ ውስጥ ነው። ሶል ፕራይስ የሚባል ነጋዴ ድሮ የአውሮፕላን ሃንጋር በነበረ ሕንፃ ውስጥ «ፕራይስ ክለብ» ብሎ ከፈተ። መጀመሪያ አባል የሚሆኑት ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በኋላ ነው ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሌሎች የተከፈተው። ከሶል ፕራይስ ጋር ሲሠራ የኖረው ጂም ሲኔጋል ከጄፍ ብሮትማን ጋር ሆኖ በ1983 ሲያትል ላይ ኮስትኮን ከፈተ፤ ሳምስ ክለብም በዚያው ዓመት ኦክላሆማ ውስጥ ተጀመረ። ኮስትኮና ፕራይስ ክለብ በ1993 ተዋሃዱ። የድርጅቱ ሙሉ ስም ዛሬም «ኮስትኮ ሆልሴል» ነው፤ ጅምላ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። የዕቃው መጠን መጀመሪያ የተለካው በጅምላ ገዝቶ ለሚቸረችር ባለ ሱቅ እንጂ አንድ ማቀዝቀዣ ለሦስት ለሚጋሩ ተማሪዎች አልነበረም። መርካቶ ሄዶ አንድ ኩንታል ስኳር የሚጭን ባለ ኪዮስክ ያዋጣዋል፤ ሻዩን ብቻውን የሚጠጣ ወንደላጤ ኩንታሉን ምን ያደርገዋል?

ኢኮኖሚክስ የወሰዳችሁ «ባለ ሁለት ክፍል ዋጋ» የሚለውን ታስታውሱ ይሆናል። ዋልተር ኦይ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1971 ዲዝኒላንድን ምሳሌ አድርጎ ጽፎበታል። የመናፈሻው ባለቤት በሩ ላይ ብዙ አስከፍሎ ውስጥ ያለውን ጨዋታ ያርክስ፣ ወይስ በሩን ከፍቶ በየጨዋታው ያስከፍል? ኮስትኮ የመጀመሪያውን መንገድ የያዘ ነው። በዕቃው ላይ የሚጨምረው ትርፍ በታወቁ ብራንዶች ላይ ከ14 በመቶ፣ በራሱ ብራንድ በከርክላንድ ላይ ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ አበጅቷል። ተራ ሱፐርማርኬት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የዕቃ ዓይነት ሲደረድር እሱ የሚይዘው 4,000 ገደማ ብቻ ነው፤ አምስት ዓይነት ኬቻፕ አታገኙም፣ ያለው ግን በፓሌት ነው የሚራገፈው። በ2024 የበጀት ዓመት ከአባልነት ብቻ የሰበሰበው 4.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የዚያ ዓመት የሥራ ትርፉ 9.3 ቢሊዮን ነው። አሜሪካና ካናዳ ካሉት አባላት ውስጥም 92.9 በመቶው ካርዳቸውን አድሰዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የዋጋው ዝቅተኛነት የማስታወቂያ ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ የከፈልነው ገንዘብ አንዴ ከኪሳችን ወጥቷል፤ ብዙ በገዛን ቁጥር ተመልሶ አይመጣም። «65 ዶላሬን ላስመልስ» ብሎ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው የማያስፈልገውን የካምፕ ድንኳን ገዝቶ ይመለሳል። አካውንቲንግ ላይ የሰመጠ ወጪ የምንለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ክፍያውን ለሚቆጥቡት በመቶኛ አካፍሉት። ክለቡ ከሌላ ሱቅ በአማካይ 10 በመቶ የሚቀንስላችሁ ከሆነ 65 ሲካፈል ለ0.10፣ 650 ዶላር ይመጣል። ሌላ ቦታ በዓመት 650 ዶላር የምታወጡበትን ዕቃ ወደ ክለቡ ካዞራችሁ ካርዱ ራሱን ቻለ ማለት ነው፤ በወር 54 ዶላር ግድም ነው። ቅናሹ 20 በመቶ ከሆነ 325 ይበቃል፤ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ 1,300 ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «ሌላ ሱቅ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክለቡን ውድ ከሆነው የሰፈር ሱፐርማርኬት ጋር ካነጻጸራችሁ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የተማሪ ተፎካካሪው ሱቅ ግን አልዲና ሊድል ነው፣ ዋልማርት ነው፣ የላቲኖና የእስያ ገበያዎች ናቸው። በራቸው ላይ ማንም ካርድ አይጠይቅም፣ ትንሽም ይሸጣሉ። ማነጻጸሪያው ደግሞ የፓኬቱ ዋጋ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ በትንሹ የተጻፈው የፓውንድ ወይም የኦውንስ ዋጋ ነው። ሶፍት ከሆነ ጥቅሉን ሳይሆን ወረቀቱን ቁጠሩ፤ ጥቅል ሁሉ እኩል አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው ያለው። ለስሌት ያህል 10 ፓውንድ ሽንኩርት በ8 ዶላር ገዛችሁ እንበል፤ ፓውንዱ 80 ሳንቲም ነው። ሰፈር ያለው ሱቅ ፓውንዱን በ1 ዶላር ይሸጣል። 20 በመቶ አተረፋችሁ ማለት ነው። ከ10ሩ 2 ፓውንድ በቅሎ ወይም በስብሶ ከተጣለ የበላችሁት 8 ፓውንድ፣ የከፈላችሁት 8 ዶላር፤ ፓውንዱ 1 ዶላር ሆነ። ትርፉ ከሽንኩርቱ ጋር ተጣለ። ስሌቱ ለሁሉም ዕቃ ይሠራል፤ የቀነሱላችሁን ያህል በመቶኛ ከጣላችሁ ዜሮ ናችሁ፣ ከዚያ በላይ ከጣላችሁ የአባልነቱን ሳንቆጥር እንኳ ከስራችኋል። ይህን ኪሳራ ደረሰኙ አያሳየውም።

ሽንኩርትን ምሳሌ ያደረግኩት አውቄ ነው፤ በእውነቱ የሐበሻ ወጥ ሽንኩርት አያስተርፍም። እኛ ቤት አራት ነን፣ ከረጢቱ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ዘይት፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የቲማቲም ድልህ፣ የልብስ ሳሙና፣ ሶፍት እንዲሁ የማይበላሹ ናቸው። ቅቤም ተነጥሮ በማሰሮ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ትልቁ ላስቲክ ሙሉ ስፒናች ግን ሐሙስ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ለእሱ አልዲ ይሻላል። ዳቦ ፍሪዘር ካላችሁ ብቻ።

የእኛን ኩሽና የተለየ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ለቤተሰብ ትልቁን ቁጠባ የሚያመጡት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ናቸው። የሚጾም ሰው ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲደምር የዓመቱን ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እነዚህን አይነካም። የሁዳዴ ቅበላ ሳምንት 5 ደርዘን እንቁላል ይዞ የሚገባ ቤት ማን እንደሚበላለት አስቀድሞ ይወቅ። ሐላል የሚበሉ ጓደኞቻችንም ሥጋቸውን ከሐላል ሉካንዳ ነው የሚገዙት። ጤፍ ከሐበሻ ሱቅ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ደግሞ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ወደ ክለቡ የሚዞረው ወጪ ከምናስበው ያነሰ ነው። 650 ዶላሩን ማስላት ያለባችሁ ከዚህ ከተቀነሰው ላይ ነው።

ቤንዚንስ? ብዙ ሰው ካርዱን የሚያወጣው ለእሱ ነው። በሳምንት 8 ጋሎን ብትቀዱና ጋሎኑ 25 ሳንቲም ቢቀንስ በሳምንት 2 ዶላር፣ በዓመት 104 ዶላር ነው፤ ካርዱን ከፍሎ ይተርፋል። ማደያው መንገዳችሁ ላይ ካልሆነና ደርሶ መልስ ግማሽ ጋሎን የሚያቃጥል ከሆነ ግን፣ ጋሎኑ 3.20 ቢሆን 1.60 ሄደ። የቀረው 40 ሳንቲም ነው፤ በዓመት 21 ዶላር አይሞላም። ወረፋው አልተቆጠረም።

ስለ ክሬዲት ካርድ አጭር ነገር ልበል። በብዛት መግዛት ገንዘቡን ዛሬ አውጥቶ ዕቃውን ሦስት ወር መብላት ነው። 300 ዶላር በካርድ ከፍላችሁ ሳትዘጉት ብታቆዩት፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ቢሆን፣ በወር 6 ዶላር ይበላችኋል። ከዚያ ግዢ ያተረፋችሁት 30 ዶላር ከሆነ በአምስት ወር ውስጥ አለቀ። የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት ትልቅ ግዢ አትውጡ።

ኤክስኪዩቲቩ ካርድ ከግዢ ላይ 2 በመቶ ይመልሳል። ጭማሪው 65 ዶላር ስለሆነ እሱን ለመሸፈን በዓመት 3,250 ዶላር፣ በወር 271 ግድም መግዛት ይጠይቃል፤ ቤንዚን ደግሞ አይቆጠርም። ተማሪ ከሆናችሁ ካሸሪው ሲያግባባችሁ በትህትና «አመሰግናለሁ» በሉ።

ታዲያ ለማን ያዋጣል? እኔ የደረስኩበት መልስ ከቅርጫ ጋር ይመሳሰላል። ለበዓል በሬ ሲታረድ ማንም ሰው መጀመሪያ በሬውን ገዝቶ ከዚያ በላተኛ ፍለጋ አይወጣም። ሰዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ገንዘቡ ይዋጣል፣ በሬው ይገዛል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። የክለቡም ዕቃ እንደዚያ ሲገዛ ያዋጣል። እኛ ቤት 65 ዶላሩን ለአራት ተካፍለን 16.25 ደርሶናል። ግዢ የምንወጣው በወር አንዴ ነው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ዝርዝር ተለጥፏል፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ስሙን ያልጻፈበት የሚበላሽ ነገር አይገዛም። ዕቃው ቤት እንደገባ ይመዘናል፣ ይከፋፈላል፣ ሒሳቡ በዚያው ምሽት በዜል ይዘጋል። ሦስተኛው ደንብ ጓደኝነትን ያተርፋል፤ ሳምንት ያደረ ሒሳብ ያኳርፋል። ደንቡን አትርሱ፦ ካርዱ አይዋዋስም፣ ፎቶ አለበት፣ በር ላይም ስካን ይደረጋል። ለአባሉ አንድ ተጨማሪ ካርድ በዚያው አድራሻ ለሚኖር አዋቂ ይሰጣል። አባሉ ሁለት እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል፤ የሚከፍለው ግን አባሉ ነው።

ዶርም ለሚኖር፣ መኪና ለሌለው፣ ብቻውን ለሚበላ ተማሪ ግን ካርዱ አያዋጣም ባይ ነኝ። ኡበር ደርሶ መልስ የወሩን ቁጠባ በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል። ያለ ካርድ የምትጠቀሙባቸው ነገሮችም አሉ። የኮስትኮ ፋርማሲ አባል ላልሆነም ሰው የታዘዘ መድኃኒት ይሸጣል፤ ኢንሹራንሱ ለማይሸፍንለት ተማሪ ከገዛው ሩዝ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ሊሆን ይችላል፣ ደውላችሁ ዋጋ ጠይቁ። አባል የገዛው የስጦታ ካርድም ለሌላ ሰው መግቢያ ይሆናል። ድረ ገጹ ላይ አባል ያልሆነ ሰው 5 በመቶ ጨምሮ መግዛት ይችላል።

ካርድ ያላችሁ ደግሞ ከመታደሱ በፊት የስድስት ወር ደረሰኛችሁን ደምሩ፣ የጣላችሁትን በሐቀኝነት ቀንሱ። በራሱ እንዲታደስ ፈቅዳችሁ እንደሆነም አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ኮስትኮ በአባልነቱ ያልረካ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሰርዞ ክፍያውን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ የአገልግሎት ጠረጴዛው ላይ መጠየቅ ብቻ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አክስት ወይም አጎት ጋር ለምትኖሩ አንደኛ ዓመቶች ግን ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም። ካርዱ ቤት ውስጥ አለ። ማኅበር ወይም ልቅሶ ሲኖር የሚገዛውን የውሃ ካርቶን ብዛት ታውቁታላችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ያን የሚሸከምለት ጉልበተኛ ልጅ የማይፈልግ ዘመድ የለም፣ የእናንተንም ሩዝ አብሮ ይጭንላችኋል።