ለሥዕል ክፍል ዕቃ ሲሰበስቡ ቀለም መጨረሻ ይገዛል

ለሥዕል ትምህርት የተመዘገበ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለም ነው። አሥራ ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች በካርቶን ተደርድረው ሲታዩ ደግሞ ያጓጓሉ። በሰፊ ብሩሽና በወፍራም ቀለም ስሜትን ለሚያወጣ፣ ኤክስፕረሲቭ ለሚባለው አሣሣል ግን ያ ካርቶን የአንድ ቀን ስንቅ እንኳ አይሆንም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 12 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢቀባ የሚሸፍነው 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ 3,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ቀለሜ አለቀ እያለ የሚሰጋ ሰው ብሩሹን በድፍረት አያሳርፍም። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው።

1. አስቀድመው መምህሩን ይጠይቁ

አክሪሊክ ነው ወይስ ዘይት? ክፍሉ በቂ መስኮት አለው? መሣያ ማቆሚያ አለ? ያልደረቀ ሥዕል እዚያው ማሳደር ይቻላል? እነዚህን ሳያውቁ ገበያ መውጣት ገንዘብ መጣል ነው። ማቆሚያ የሌለው ክፍል ብርቅ ስለሆነ ገና ሳይጀምሩ አይግዙት።

ምርጫው ለእርስዎ ከተተወ፣ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ትምህርት ለሚወስድ ጀማሪ አክሪሊክን እመርጣለሁ። በውሃ ይቀጥናል፤ ስስ ሽፋኑ በደቂቃዎች ደርቆ በላዩ ሌላ ለመቀባት ያስችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ አክሪሊክ ሳሕን ላይ እያለ ይደርቃል። ውሃ መርጫ ጠርሙስ መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ዘይት ቀለም በተቃራኒው ቀናት ይፈጃል፤ ወፍራም ከሆነ ሳምንታት። ቀለሙን በቀለም ላይ እያሹ መሥራት፣ ፍቆ አንሥቶ እንደገና መጀመር ለሚወድ ሰው ግን ይህ ዝግታ ጸጋ ነው።

ከተቻለ ከገበያው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ጎራ ይበሉ። ማእከሉ ስሙን የያዘለት ሠዓሊ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰና በአገራችን ዘመናዊ ሥዕል ውስጥ ኤክስፕረሽኒዝምን በጉልህ ያስገባ ሰው ነው። ምን እንደሣለ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ የት እንደወፈረ፣ የት እንደሳሳ፣ የብሩሹ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ጠጋ ብለው ይዩ። የዕቃ ዝርዝርዎ ከዚያ ይወጣል።

2. የሚሣልበትን ያብዙ

ተወጥሮ የተዘጋጀ ሸራ ውድ ነው፤ ውድ ነገር ላይ ደግሞ ሰው ይጠነቀቃል። ለልምምድ አቡጀዲድ ይበቃል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አጥበው ከፋብሪካ የመጣበትን ስታርች ያስለቅቁ፤ በኋላ ሊሰበሰብ የነበረው ጨርቅም ያኔውኑ ይሰበሰባል። ከደረቀ በኋላ የእንጨት ፍሬም ላይ ያድርጉትና ከየጎኑ መሃል ጀምረው ወደ ማዕዘኖቹ እየወጠሩ በስቴፕለር ይምቱ። ከማዕዘን ከጀመሩ ጨርቁ ይሸበሸባል።

ከዚያ ነጩ ሽፋን ይመጣል። ከሕንፃ ዕቃ መደብር ጄሶ ብለው ከጠየቁ የሚሰጥዎት የኮርኒስና የግድግዳ ዱቄት ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። የሚፈልጉት ለሠዓሊ የተዘጋጀውን፣ በባልዲ ወይም በጠርሙስ የሚመጣውን አክሪሊክ ጄሶ ነው። ለአክሪሊክ ሁለት ጊዜ፣ ለዘይት ሦስት ጊዜ ይቀቡ፤ ዘይት በቀጥታ ጨርቅ ውስጥ ከሰረገ በጊዜ ብዛት ክሩን ያበሰብሰዋል። በየመሃሉ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ጄሶው ካልተገኘ በውሃ የሚቀጥን፣ የማያብረቀርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ለልምምድ ያገለግላል፤ ለሚሸጥ ሥራ ግን አይሆንም።

የፍሪጅ ካርቶንም አይናቁ። ፊቱንም ጀርባውንም ከቀቡት አይቆለመምም። ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ሸራና አምስት ስድስት ካርቶን ይዞ የገባ ሰው አንድ የሚያምር ሸራ ታቅፎ ከገባው የበለጠ ይሥላል።

3. ብሩሽና መፋቂያ

ቀጫጭኖቹን ይተዉ። ከቀለም መደብር አንድ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የግድግዳ ብሩሽ፣ ከሥዕል ዕቃ ሻጭ ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ ብሩሾች፣ አንድ መካከለኛና አንድ ተለቅ ያለ፣ ይበቃሉ። ለዘይት ጠንካራው የአሳማ ጠጉር፣ ለአክሪሊክ ሰው ሠራሹ ይሻላል። ከመክፈልዎ በፊት ጠጉሩን ሳብ ሳብ ያድርጉት፤ እዚያው የሚረግፍ ከሆነ ሥዕልዎ ላይም ይረግፋል።

አንድ የሠዓሊ ስፓቱላ ይጨምሩ፤ አንገቱ የታጠፈው ጣትን ከቀለም ያርቃል። የቀረው ከቤት ይገኛል፦ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ለመፋቅ፣ ሚዶ ለመቧጠጥ፣ ቃጫና ስፖንጅ ለመምታት። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋውን ብሩሽ ሻጩ ቢያሞግስልዎትም እንዳይገዙት።

4. አሁን ቀለም

ገንዘብዎን እዚህ ያውጡ። ብዙ ዓይነት ሳይሆን ጥቂት ዓይነት በትልቅ ቱቦ፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አንድ ሞቅ ያለ ቀይ፣ አንድ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ የሎሚ ቢጫ፣ የሎው ኦከር፣ በርንት አምበር፤ ቲታኒየም ነጭ ደግሞ ከሌሎቹ እጥፍ። ጥቁር ለመጀመሪያው ወር አልመክርም፤ አልትራማሪንና በርንት አምበር ሲቀላቀሉ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጨለማ ይሰጣሉ። ፕታሎ ሰማያዊም ይቆይ፤ ጥቂቱ ሁሉን ይውጣል።

ቱቦው ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የፒግመንት ምልክት ያንብቡ። እውነተኛ አልትራማሪን ፒ ቢ 29፣ ቲታኒየም ነጭ ፒ ደብሊው 6 ናቸው። አንድ ቱቦ ላይ ሦስት አራት ምልክት ከተደረደረ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ቶሎ ይደፈርሳል። ካድሚየም ካለበት እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ።

ዘይት ቀለም ሲገዙ የሠዓሊ መሆኑን አጥብቀው ይናገሩ፤ ሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ በዚያው ስም የሚጠራው የበርና የመስኮት ቀለም ነው። ሌላም መዘንጋት የሌለበት፦ በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት ይቀባል፤ በዘይት ላይ ግን አክሪሊክ አይይዝም።

5. ዘይት ለመረጡ ብቻ

ማቅጠኛ ተርፔንታይን ወይም ሽታው የተቀነሰ ስፒሪት፣ እንዲሁም ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ያስፈልጋል። የጓዳ ዘይት አይተካውም፤ የፓልም ዘይት ጭራሽ አይደርቅም። ከሥር ያለው ሽፋን ማቅጠኛ የበዛበት፣ ከላይ ያለው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሁለት ክዳን ያላቸው ማሰሮዎች ይያዙ። ብሩሽ የታጠበበትን ማቅጠኛ ያሳድሩት፤ ዝቃጩ ሲወርድ ጥሩውን ወደ ሌላው ገልብጠው መልሰው ይጠቀሙበት፤ የውሃ መውረጃ ውስጥ አይድፉት። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ አይክፈቱት፤ ተኑ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ደግሞ ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ አለዚያ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ከድነው ያስቀምጡት።

6. ቦርሳው

አሮጌ ሸሚዝ፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ የልብስ ሳሙና፣ ለመንደፊያ ከሰል። ለማደባለቂያ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ የመስታወት ቁራጭ ያገለግላል፤ የደረቀ አክሪሊክ ውሃ ሲያገኝ ከላዩ ይላጣል።

እርጥብ የዘይት ሥዕል ይዞ ሚኒባስ መሳፈር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሸራዎች ፊት ለፊት ያድርጉ፤ በአራቱ ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ አስገብተው እንዳይነካኩ ይለያዩአቸውና በሲባጎ ይሰሩ። ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ልክተተው ካለ እሺ አይበሉ፤ ጭንዎ ላይ አቁመው ይያዙት።