ከፎቅ የሚወርድ እንቁላል

የፊዚክስ መምህር የሚሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው። ጥሬ እንቁላል ከትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ተለቆ ሳይሰበር መሬት የሚደርስበትን መያዣ ሠርታችሁ ኑ ይላሉ። ተማሪው ይህን እንደሰማ ጠንካራ ነገር ፍለጋ ይሰማራል። አንዱ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያመጣል፣ ሌላው የእንጨት ሳጥን ያሠራል። በፈተናው ቀን ቆርቆሮው ምንም ሳይሆን ይወርዳል፤ ሲከፈት ግን አስኳሉና ቅርፊቱ ተለውሷል። ቆርቆሮው ራሱን አዳነ እንጂ እንቁላሉን አላዳነም። በዚህ ምዕራፍ የምንሠራው መያዣ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ተጨማዶ እንቁላሉን የሚያተርፍ።

ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማችኋል እንበል፤ ከእጃችሁ እስከ መሬት 6 ሜትር ነው። የአየሩን ተቃውሞ ከተውነው፣ የለቀቃችሁት ዕቃ 1.1 ሴኮንድ ያህል ወርዶ በሴኮንድ 10.8 ሜትር ፍጥነት መሬት ይመታል። ይህ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ፍጥነት ዜሮ መሆኑ አይቀርም። የእናንተ ውሳኔ እንቁላሉ ምን ያህል መንገድ ሄዶ ይቁም የሚለው ነው። ከአጥር የሚዘል ልጅ ማንም ሳያስተምረው ጉልበቱን የሚያጥፈው የመቆሚያ መንገዱን ለማስረዘም ነው፤ ቀጥ ብሎ ቢያርፍ ሕመሙ እስከ ወገቡ ይሰማዋል።

ለስሌቱ ረጅም ቀመር አያስፈልግም። የወደቀበትን ከፍታ ለመቆም በተጠቀመበት ርቀት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር እንቁላሉን የሚያቆመው አማካይ ኃይል ከእንቁላሉ ክብደት ስንት እጥፍ እንደሆነ በግምት ይነግራችኋል። 50 ግራም የሆነ እንቁላል ክብደቱ ግማሽ ኒውተን ያህል ነው። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 6 ሜትር ለ1 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 6,000 እጥፍ ይመጣል፤ 3,000 ኒውተን ማለት ነው። መቆሚያውን 1 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉለት ኃይሉ ወደ 300 ኒውተን ይወርዳል። 5 ሴንቲ ሜትር ሲያገኝ 60፣ 10 ሴንቲ ሜትር ሲያገኝ ደግሞ 30 ኒውተን ብቻ ይሆናል።

ቅርፊቱስ ስንት ይችላል? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም አይ ቲ የሚባለው፣ መሐንዲሶች በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ባወጡት ጥናት እንቁላሎችን ቀስ ብለው ሲጫኑ 45 ኒውተን ገደማ ላይ ይሰነጠቁ ነበር። እንቁላሉ ቢቆምም ቢጋደምም የሚሰነጠቅበት ኃይል ያው ሆነ። ያስገረመው ግን ሲጥሏቸው የታየው ነው። ከ8 ሚሊ ሜትር ከፍታ ብቻ ሲጣሉ፣ ቆመው ካረፉት ከግማሽ በላይ ተሰነጠቁ፤ በጎናቸው ካረፉት ግን ከአሥሩ አንዱ እንኳ አልሞላም። የእንቁላል ጎን ከመሰንጠቁ በፊት ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ጫፉ ግን ድርቅ ያለ ነው። እንቁላል በጫፉ ሲቆም እንደ ቅስት ይጠነክራል የሚለው ትምህርት በብዙ ክፍሎች ሲሰጥ ኖሯል፤ እናንተ ግን እንቁላሉን አጋድሙት።

እንቁላሉን ስትመርጡ ደንቡ ካልከለከለ የሐበሻ እንቁላል ያዙ። ብዙውን ጊዜ ከፈረንጅ እንቁላል ያነሰና የቀለለ ስለሆነ፣ ለማቆም የሚያስፈልገውም ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል።

አሁን እንቁላሉ ወደሚያርፍበት ትራስ እንምጣ። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ስጡት። ከሁሉ አስቀድሞ 10 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ 10 ሴንቲ ሜትር መቆሚያ እንዳይመስላችሁ። ስፖንጁ ሲታመቅ የራሱ አካል ቦታ ይይዛል፤ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ የቀረውን ውፍረት በማስመሪያ ለኩና ከመጀመሪያው ቀንሱ። እውነተኛው መቆሚያችሁ ያ ልዩነት ነው። በጣም ለስላሳ ትራስ ቶሎ አልቆ እንቁላሉን ከመያዣው ወለል ጋር ያገናኘዋል። ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀ ትራስ ደግሞ የሚታመቅበት ቦታ ስለሌለው እንደ ድንጋይ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በዚህ በሁለተኛው ነው፤ ፍርሃት ብዙ ጨርቅ ያስጠቀጥቃቸዋል።

ከገጠር ወደ ከተማ እንቁላል የሚያመጡ ነጋዴዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። በቅርጫት ወይም በካርቶን ጭድ ነስንሰው፣ እንቁላል ደርድረው፣ እንደገና ጭድ ይጨምራሉ። ጭዱ የእንቁላሉን ቅርጽ ተከትሎ ዙሪያውን ስለሚይዘው ኃይሉ አንድ ነጥብ ላይ አይከማችም። ሰበዞቹ ሲጫኑ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ፣ ጥቂቶቹም ይሰበራሉ። የመውደቁ ጉልበት የሚያልቀው በዚህ መፋተግና መሰበር ውስጥ ነው። ስፖንጅ ግን የተቀበለውን መልሶ ይገፋል፤ እንቁላሉ ነጥሮ ክዳኑን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ተጨማዶ የሚቀር ነገር ምረጡ፦ ጭድ፣ ፈንዲሻ፣ በአኮርዲዮን መልክ የታጠፈ ወረቀት። ስትሮ ብቻ ከተፈቀደላችሁ ከካርቶኑ ታች እንደ እግር አቁሟቸውና ሲያርፍ ይታጠፉ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የስቶኪንጉን ዘዴ ነው። ያረጀ ስቶኪንግ ውስጥ እንቁላሉን መሐል ላይ አስገብታችሁ ግራና ቀኙን ቋጥሩ፤ ሁለቱን ጫፎች ሰፊ ካርቶን ውስጥ ከተቃራኒ ማዕዘኖች ጋር እሰሩ። እንቁላሉ ከየትኛውም ግድግዳ ርቆ ይንጠለጠላል። ካርቶኑ ሲያርፍ ስቶኪንጉ እየተለጠጠ ያቆመዋል። አሥር ሴንቲ ሜትር መለጠጥ ቀላል ነው፤ ከታች ለዚያ የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። መልሶ እንዳይወነጭፈው ደግሞ ከእንቁላሉ ላይና ታች ላላ አድርጋችሁ ጭድ ጨምሩ።

ፓራሹት ከተፈቀደ አትለፉት። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ፌስታል፣ ከጭነቱ ጋር 150 ግራም ገደማ የሆነን መያዣ በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ያወርደዋል፤ ይህም ከግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። እንዳይወዛወዝ መሐሉን ትንሽ ብሱት፣ ገመዶቹንም እኩል አድርጓቸው። ከፍታው 3 ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ፌስታሉ ሳይዘረጋ መሬት ሊቀድመው ስለሚችል በትራሱ ላይ ብትደክሙ ይሻላል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ መንኮራኩር ማርስ ፓዝፋይንደር በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ማርስ ላይ ሲያርፍ የገጠመው ጥያቄ ከእናንተው ጋር አንድ ነበር። መልሱም ተደራራቢ ነበር፤ ፓራሹቱ አዘገመው፣ ሮኬቶች የቀረውን ፍጥነት ቀነሱለት፣ በመጨረሻ በአየር የተነፉ ትላልቅ ከረጢቶች ተሸክመውት ከ15 ጊዜ ያላነሰ ነጥሮ ቆመ።

እንቁላል ውድ ስለሆነ ሙከራውን በእንቁላል አትጀምሩ። የእንቁላሉን ያህል የሚመዝን ድንች ፈልጋችሁ በላዩ ላይ ሙሉ ጠመኔ በፕላስተር እሰሩና ጣሉት። ጠመኔው ከተሰበረ ትራሱ ገና ነው። ከወንበር ጀምሩ፣ ከዚያ ከጠረጴዛ፣ ከዚያ ከበረንዳ። ወደ እንቁላሉ ስትሸጋገሩ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሉት፤ ቢሰበር እንኳ አይባክንም፣ ዕለቱን ተጠብሶ ይበላል። የተቀቀለ እንቁላል ውስጡ ስለማይፈስ አያያዙ የተለየ ነውና ውጤቱ ያታልላችኋል። ከታች የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር ጓደኛ አቁሙ። የስልክ ቪዲዮ መውደቁን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ የማረፊያውን ቅጽበት ግን አይዝላችሁም። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሳ ስልክ በሁለት ምስሎች መካከል መያዣው 36 ሴንቲ ሜትር ያመልጠዋል። በምትኩ ከመጣሉ በፊትና በኋላ የስትሮዎቹን ወይም የካርቶኑን ቁመት ለክታችሁ ልዩነቱን በዘገባችሁ ላይ ጻፉ።

ከተሰበረ ስብራቱን አንብቡት። ከታች ከሆነ ትራሱ አልቋል ወይም ታጭቋል። በአንድ ወገን ከሆነ መያዣው አዘንብሎ አርፏል፤ ከላዩ ረጅም የፌስታል ጭራ እሰሩለት፣ ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ከላይ ከሆነ ነጥሯል፤ የላዩን ትራስ ጨምሩ። ደህና የወጣ ከመሰላችሁም ከስልክ መብራት ፊት ለፊት ያዙት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በብርሃኑ ላይ እንደ መስመር ሆና ትታያለች። ይህችም እንደ ስብራት ትቆጠር እንደሆነ ከውድድሩ በፊት መምህሩን ጠይቁ።