ለክሮፕ ሴንሰር ካሜራ የትኛው ዙም ሌንስ?

ጥያቄ፦ ሰርግና ስብሰባ ያለ ፍላሽ ለማንሳት ለክሮፕ ሴንሰር ካሜራ ምን ዓይነት ዙም ይመረጣል?

መልስ፦ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ አቅርቦ ሲያነሳ አፐርቸሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ዳር እስከ ዳር ኤፍ 2.8 የሆነ ዙም እዚያው ላይ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ በ1/30 ሰከንድ ይደበዝዝ የነበረ የተናጋሪ ፊት በ1/125 ጥርት ብሎ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ማረጋጊያ የእጅን ንዝረት እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምምና።

ሁለተኛው የትኩረት ርዝመት ነው። ሴንሰሩ ትንሽ በመሆኑ የእይታ ማዕዘኑ ይጠባል፤ የሌንሱ ቁጥር በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂ በ1.5፣ በካነን በ1.6 ይባዛል። ለፉል ፍሬም የተሠራው ውዱ 24-70 በክሮፕ ካሜራ ላይ ከ36 ስለሚጀምር፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ አንሺው ግድግዳ ተደግፎም ቤተሰቡን በሙሉ አያስገባም። 17-50 ወይም 18-50 ይሻላል።

የሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8 ከእነዚህም የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ነገር ግን ከ800 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ማረጋጊያ የለውም፣ ከሩቅ ፊት ለማንሳትም ያጥራል። መስታወት አልባ ካሜራ ላለው የሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ለሚያበዛ ግን ማረጋጊያ ያለው የታምሮን 17-70 ይመረጣል።