አሸዋ ውስጥ ያለው ውሃ ለነጋዴ ስንት ያወጣል?

ከጁባ ተነስቶ በቶሪት በኩል ካፖኤታ የደረሰ እንግዳ የሲንጋይታን ወንዝ በበጋ ሲያየው ‹‹ይሄ ምኑ ወንዝ ነው?›› ይላል። የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። የቶፖሳ እረኞች ግን ያንኑ አሸዋ ቆፍረው ከብታቸውን ያጠጣሉ። ደረቅ ወንዝ እንደ እህል ጉድጓድ ነው፤ ሀብቱ ከታች ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ውሃ የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ ሻካራ አሸዋ ከ200 እስከ 250 ሊትር ያህል ውሃ ይሰጣል። ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን ፀሐይ ብዙም አይነካውም። 30 በሬ እየነዳችሁ እያንዳንዱ 30 ሊትር ቢጠጣ፣ 900 ሊትር ማለት የ4 ሜትር ኩብ አሸዋ ውሃ ነው። 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ጭኖ የሚሄድ ሲኖትራክ ደግሞ ከ3,000 ሊትር በላይ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ነቅሎ ይሄዳል።

ውሃ ያጣ በሬ ገበያ እስኪደርስ 8 ኪሎ ቢቀንስ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው) ከ30ው 240 ኪሎ ይጎድላል። አንድ ሙሉ በሬ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ሬሳው ግን አይታይም።

ወንዙን የሚገድለው አሸዋ ጫኝ ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት። ከብት ባገኘው በኩል ሲወርድ ዳርቻው ይናዳል። ደለሉ የአሸዋውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቀጣዩ ጎርፍ መስረጉ ቀርቶ ላይ በላዩን ያልፋል። አፈሩን የያዙት የዳር ግራርና ሳር ናቸው። ስለዚህ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራችሁ መውረጃውን አንድ አድርጉ፤ ከብቱ ከዳር ሆኖ በገንዳ ይጠጣ፤ ለማደሪያ በረት የወንዝ ዳር ግራር አይቆረጥ። ‹‹የከብት ሐኪም ከዛፍ ምን አለው›› ስል የኖርኩት እኔ ራሴ ይህን ለመቀበል ዘግይቻለሁ።

በኬንያ ኪቱይ በደረቅ ወንዞች ላይ የተሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ አጫጭር ግድቦች አሸዋ ያጠራቅማሉ፤ አሸዋው ውሃ ይይዛል። አፋር ውስጥ ደግሞ ዝቅተኛ የድንጋይ ግድቦች ጎርፉን ሜዳ ላይ አሰራጭተው ግጦሽ ያበቅላሉ።

አረንጓዴ ሁሉ ግን ደኅና አይደለም። ፕሮሶፒስ የአዋሽን ዳርቻ ወርሯል፤ ቱርካናም ገብቷል። ፍሬው ስለሚጣፍጥ ከብት ይበላዋል፤ ዘሩም ሳይሞት በእበት ይወጣል። ከቱርካና በናዳፓል በኩል የምትመለሱ፣ የካሚዮኑን እበት ወንዝ ዳር አትጥረጉ። ከድንበር ወዲያ ጠርጋችሁ ተነሱ።